ማዘጋጃ ቤቱ ያስቆፈረው ቦይ ቤቴን ናደብኝ፤ ከተማውን መክሰስ እችላለሁ?

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፦ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በጎጃም ውስጥ በአንዲት ከተማ ነው፤ ስሟን እንዳትጠቅሱብኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ትቶልኝ የሄደው በመንገድ ዳር ያለውን የጭቃ ቤት ነው፤ ከፊት እኖርበታለሁ፣ ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እያከራየሁ ሦስት ልጆቼን አስተምራለሁ። ካቻምና ሰኔ ላይ ከተማው ለጎርፍ ማውረጃ ብሎ ከግድግዳዬ ሥር ቦይ አስቆፈረ። ጥልቀቱ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። በድንጋይ ሳይለበስ፣ ውኃው የሚወጣበት ጫፍም ሳይከፈት ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ። ሐምሌ 14 ቀን ሌሊት የጣለው ዝናብ ቦዩን ሞልቶ ወደ ቤቴ መሠረት ገባ፤ ሲነጋ የጓሮው ግድግዳ ከነማገሩ ወድቆ፣ ያስቀመጥሁት አራት ኩንታል ጤፍም ጭቃ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። ከቀናት በኋላ ጤፉ በጆንያው ውስጥ እንዳለ በቀለ። ተከራዮቼም ወጡ።

ከዚያ ጀምሮ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንዱ “በጀት ሲለቀቅ ነይ” ይለኛል፤ ሌላው “ሥራው የተቋራጭ ነው፣ እሱን ጠይቂ” ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ “ዝናብ የእግዜር ነው፣ ማን ይከሰሳል?” ብሎ ይመልሰኛል። ጎረቤቶቼ ክሰሺ ይሉኛል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግን “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ያለሽን ጥሪት ለሙግት አትጨርሺ” ይለኛል። አንድ ግለሰብ ከተማ አስተዳደርን መክሰስ ይችላል? ከቻልሁስ ምን ይዤ ልሂድ? የቤቱ ካርታ እስካሁን በባለቤቴ ስም ነው።

መልስ

የተከበሩ እናታችን፣ ደብዳቤዎ የተጻፈው በያዝነው ግንቦት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማብራራቴ በፊት ይህን ልንገርዎ፦ በመጪው ሐምሌ 14 ቀን ግድግዳዎ ከወደቀ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ክስዎ ከዚያ ቀን በፊት በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተከፈተ ግን መብትዎ ሙሉ በሙሉ ሊያልፍብዎት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ያዛል። ማመልከቻ መጻፍ፣ ቢሮ መመላለስ፣ “ነገ ነይ” መባል ይህን ጊዜ አያቆመውም። በሕጉ አንቀጽ 1851 መሠረት የይርጋን፣ ማለት የዚህን የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ቆጠራ የሚያቋርጠው ወይ ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ፣ ወይ ባለመብቱ ፍርድ ቤት መሄዱ ነው። ከጻፉልዎት ደብዳቤዎች በአንዱ ላይ “ጉዳቱን እንክሳለን” የሚል ቃል ሰፍሮ ከሆነ እንደ እምነት ቆጥሮ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ቤትዎን በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ እንዲያስይዙ አልመክርዎትም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያየሁትን ስላየሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። የድንጋይ አጥራቸውንና የባሕር ዛፍ ተክላቸውን በመንገድ ሥራ ሰበብ ግሬደር ጠርጎባቸው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስቆጥር አሥራ አንድ ማመልከቻ ሆነ፤ ሁሉም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ፣ ሁሉም ቀን ያለው፣ በእያንዳንዱ ጥግም “ለሚመለከተው ይመራ” ተብሎ የተፈረመበት። ጉዳቱ ከደረሰ ግን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አልፎት ነበር። እንደዚያም ሆኖ ክስ አቀረብን። ስሙን የማልጠቅሰው አስተዳደር በመልሱ የአጥሩን መፍረስ አልካደም፤ የጻፈው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፣ እሱም የይርጋ መቃወሚያ። መቃወሚያው ተቀባይነት አገኘ፣ መዝገቡም ተዘጋ። ብይኑ ተነቦ ሲያልቅ አዛውንቱ “ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ታገሥ ያለኝ ማን ነው?” ብለው ጠየቁ። በችሎቱ ውስጥ መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። አዎን፣ ግለሰብ ከተማ አስተዳደርን መክሰስ ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ፍርድ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ተከሳሹ መንግሥት ሲሆን መብቱ ይቀራል የሚል ቃል የለበትም። የክልላችን ከተሞችም በሕግ የተቋቋሙና የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት ያላቸው ስለሆኑ በስማቸው ይከሳሉ፣ ይከሰሳሉም። የባለቤትዎ ወንድም የጠቀሱት ተረት የራሱ ታሪክ አለው፤ እንዲያውም በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በኃላፊነት እንዳይከሰሱ ከልሎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ፣ በዚያው በንጉሡ ዘመን፣ ከለላውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አልሰጠም። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰውን ከጎዳ መካስ እንዳለበት፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 2128 ይህንኑ ወደ አካባቢ አስተዳደሮችና ሕጋዊ ሰውነት ወዳላቸው የሕዝብ አገልግሎት ተቋማት ያሰፋዋል። ስለዚህ ጎጃሜው “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች” የሚለውን ሌላውን ተረት ለወንድማችን ቢያስታውሱልኝ ደስ ይለኛል።

ማንን ነው የሚከሱት? ይህ ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ መዝገብ ያበላሸ ጥያቄ ነው። ሥራ አስኪያጁን ወይም ቦዩን ያስቆፈረውን ባለሙያ በግል ስሙ አይክሰሱ። አንቀጽ 2127 እንደሚለው አንድ ሠራተኛ በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቦና ከፈጸመው ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው፤ ቅን ልቦና የለውም የሚል ሰውም ማስረዳት አለበት። ቂም ይዞት ሆን ብሎ ያደረገው ካልሆነ በቀር ተከሳሽዎ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ነው። ስሙን በክሱ ላይ ሲጽፉ በማኅተሙ ላይ እንዳለ ቃል በቃል ይጻፉት።

“ሥራው የተቋራጭ ነው” ለሚለው መልስ ችላ የሚባል አይደለም። አንቀጽ 2134 በአሠሪው ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር ሳይሆን በራሱ ነጻነት የሚሠራ ሰው ላጠፋው ጥፋት አሠሪው ተጠያቂ እንዳይሆን ያደርጋል። ይሁን እንጂ ቦዩ የት እንደሚያልፍ የወሰነው፣ ንድፉን ያወጣው፣ ሥራው ተጀምሮ ሳይጨረስ ክረምት ሲገባ ዝም ብሎ ያየው ማን ነው? የአስተዳደሩ የራሱ ጥፋት ያለው በዚህ ላይ ነው። እርስዎ በሁለቱ መካከል ያለውን ውል አላዩትም፤ ማየትም አይጠበቅብዎትም። ተቋራጩን ካወቁት ሁለቱንም በአንድ ክስ ይክሰሷቸው። ካላወቁት ደግሞ አስተዳደሩን ብቻ ይክሰሱ፤ ኃላፊው ሌላ ነው የሚል ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 43 መሠረት ያንን ሌላ ሰው ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ የሱ ፈንታ ነው።

የክርክሩ ልብ ያለው ግን “ዝናብ የእግዜር ነው” በሚለው ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመጀመሪያ፣ በጎጃም ክረምት ሰኔ ላይ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው የለም። በሰኔ ወር ያልተለበሰና መውጫ የሌለው ቦይ በሰው ግድግዳ ሥር ከፍቶ መተው ራሱ ጥፋት ነው፤ ዝናቡ ድንገተኛ ነገር ስላልሆነ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልግ ኃላፊነት የሚያመጣ ድንጋጌ አለ። አንቀጽ 2069 የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ በሌላው ሰው ላይ ከተለመደው ያለፈ አደጋ የፈጠረ ሰው፣ ያ አደጋ ደርሶ ጉዳት ካስከተለ ኃላፊ ነው ይላል፤ በንዑስ ቁጥር 2 ደግሞ አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም ድንጋጌው እንደሚሠራ በግልጽ ያስቀምጣል። በእንዲህ ያለ ኃላፊነት ላይ አንቀጽ 2086 “ጥፋት የለብኝም”፣ “ልከላከለው አልችልም ነበር” ወይም “ያጠፋው ሌላ ሰው ነው” የሚሉትን መከላከያዎች ይዘጋቸዋል፤ ክፍት የሚተወው የተጎጂውን የራሱን ጥፋት ብቻ ነው። አንድ የጎርፍ ቦይ “የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ” ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሚያከራክር መሆኑን አልደብቅዎትም። ስለዚህ ክሱ ሁለቱንም መሠረት ይያዝ፦ በመጀመሪያ ጥፋት ስለተፈጸመ፣ ይህ ቢታለፍ እንኳ በአንቀጽ 2069 መሠረት።

አስተዳደሩ በእርግጠኝነት የሚያነሣው ሌላ ክርክር ደግሞ ስለ አፈሩ ነው። የከተማዎ አፈር እንደ ብዙው የምሥራቅ ጎጃም ምድር ዋልካ ከሆነ፣ ባለሙያቸው “ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የቤቱን መሠረት ያናወጠው አፈሩ እንጂ ቦዩ አይደለም” ይላል። ይህ እውነትነት ያለው አነጋገር ስለሆነ በቁጣ አይመለስም፤ በማስረጃ ነው የሚመለሰው። በዚያው ሠፈር፣ በዚያው አፈር ላይ፣ በተመሳሳይ ዘመን የተሠሩና ከቦዩ ራቅ ያሉ የጭቃ ቤቶች ቆመው ከሆነ ያንን የሚናገሩ ጎረቤቶችን በምስክርነት ይቁጠሩ። የወደቀው ግድግዳ ቦዩ ያለበት ወገን ብቻ መሆኑ፣ ሌላው ወገን ሳይነካ መቆሙ ትልቅ ማስረጃ ነው። በቀረው ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበትን የሚያሳይ የጭቃ መስመር ካለ አይጥረጉት፣ አይለስኑት። ከቦዩ ጠርዝ እስከ መሠረትዎ ያለውን ርቀት ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት በሜትር ያስለኩ፤ ፎቶግራፍ ሲያስነሡም ሜትሩ ተዘርግቶ ይታይ። ጎረቤቶችዎ በዚያ ሰሞን በስልካቸው ያነሡት ምስል ካለ ሳይጠፋ ይሰብስቡት። ቦዩ ከዚያ ወዲህ ተለብሶ ወይም ተደፍኖ ከሆነ መቼ እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግዎታል። ፍርድ ቤቱም ገለልተኛ መሐንዲስ ቦታውን አይቶ ሐሳቡን እንዲያቀርብ እንዲያዝልዎት በክሱ ላይ ከወዲሁ ይጠይቁ።

እስካሁን ያስገቧቸውን ማመልከቻዎች አይጣሏቸው። ይርጋን ባያቋርጡም፣ አስተዳደሩ ጉዳቱን ያወቀው መቼ እንደሆነና ምን እንደመለሰ ያሳያሉ። ወደ ቢሮው የሚያስገቡት ወረቀት ካለ አሁንም ሁለት ቅጂ ያድርጉና በሚቀርዎት ግልባጭ ላይ “ደርሷል” የሚል ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፈቀቅ አይበሉ።

ካርታው በሟች ባለቤትዎ ስም መሆኑ ክሱን አያስቀረውም፤ ግን ዝም ከተባለ መቃወሚያ ይሆናል። አንቀጽ 1195 የባለሀብትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ስለሚገምት፣ እርስዎና ልጆችዎ ከዚያ ስም ጋር የሚያገናኛችሁን ሰነድ ማቅረብ አለባችሁ። በጋብቻ ያፈራችሁት ቤት ከሆነ የእርስዎ ድርሻ የጋብቻ ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል፤ የሟች ድርሻ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ይፈልጋል። የወራሽነቱን አቤቱታ በዚህ ሳምንት ያስገቡ። እሱ እስኪወጣ ብለው ግን ዋናውን ክስ አያቆዩ፤ በእርስዎና ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆችዎ ስም ክሱን ከፍተው፣ የወራሽነቱ ጉዳይ በሂደት ላይ መሆኑን ገልጸው፣ ማስረጃው ሲደርስ ማያያዝና አስፈላጊ ከሆነም ክሱን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 91 መሠረት ማሻሻል እንዲፈቀድልዎት ይጠይቁ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ ለክረምቱ ስለሚዘጉ በሐምሌም ችሎቱና መዝገብ ቤቱ ይጨናነቃሉ፤ ስለዚህ ሰኔ ሳያልቅ መዝገብዎ ይከፈት።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ግድግዳውን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን በሁለት ግንበኞች ያስገምቱና በጽሑፍ ይያዙ፤ የጭቃውን፣ የጭዱን፣ የማገሩን፣ የቆርቆሮውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ያስጽፉ። የኪራዩን ገቢ ተከራዮችዎ ቀርበው ይመስክሩ፤ ውል ካላችሁ ይያያዝ። የጤፉ ነገር ያስቸግራል፣ ምክንያቱም የበቀለ ጤፍ ተጥሎ ዛሬ የሚታይ ነገር የለም። ነገር ግን ያዩት ጎረቤቶች ይኖራሉ፤ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለም አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለት ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። ያልደረሰብዎትን አይጨምሩ። አራቱን ኩንታል ስድስት ያደረገ ከሳሽ ስለ ግድግዳው የተናገረውም እውነት ይጠረጠርበታል።

የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተመለከተው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ በቃለ መሐላ አስደግፈው ያመልክቱ። ቤት ስላለዎት ፍርድ ቤቱ አቅምዎን መመርመሩ አይቀርም፤ የልጆችዎንና የገቢዎን ሁኔታ በግልጽ ይንገሩ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌላቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ወደሚቀርብዎት ይሂዱና ክሱን ያስጽፉ። ሙግት ከተረቱ ወጪና ኪሳራ ሊጠየቁ እንደሚችሉም አስቀድመው ይወቁት። ቢፈረድልዎት አስተዳደሩ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ፍርዱ ከጸና በኋላ የአፈጻጸም አቤቱታ ለማቅረብ 10 ዓመት አለዎት። የከተማን መንገድ ወይም አደባባይ በአፈጻጸም አስይዞ መሸጥ ስለማይቻል ገንዘቡ የሚመጣው ከአስተዳደሩ በጀት ነው። ይህ መዘግየት ሊያመጣ ይችላል፤ በጀት የለም ማለት ግን ፍርድን አይሽርም።

ጥያቄ

መሬቴ ወደ ከተማ ክልል ገብቷል ተብሎ ለኢንዱስትሪ መንደር ተወሰደ፤ የተገመተልኝ ካሣ ግን የባሕር ዛፌንና የጉድጓዴን ዋጋ አላካተተም። እኔስ ከተማውን በቀጥታ ፍርድ ቤት ልክሰሰው? (አንባቢያችሁ፣ ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ

የተከበሩ ወንድማችን፣ የእርስዎ መንገድ ከላይ ካለው የተለየ ነው፤ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ከሄዱ መዝገቡ ይመለስብዎታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያስገድዳል። አፈጻጸሙ ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተዘርግቷል፤ አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት የተሻሻለውን ጽሑፍ ይዘው ይሥሩ። በአዋጁ መሠረት ቅሬታዎ መጀመሪያ የሚቀርበው ለአቤቱታ ሰሚው አካል ሲሆን፣ ጊዜውም የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። በውሳኔው ቅር ከተሰኙ በሌላ 30 ቀን ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያም በ30 ቀን ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። እንግዲህ ለእናታችን ሁለት ዓመት የሆነው ለእርስዎ አንድ ወር ነው።

በአዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስለ ፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነግሮዎት ከሆነ፣ ያ አዋጅ የፌዴራል ተቋማትን፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች የሚመለከት ነው፤ የእርስዎን ከተማ አይነካም።

የጉድጓዱን ጥልቀትና ያወጡበትን ገንዘብ፣ የባሕር ዛፉን ብዛትና ዕድሜ በዝርዝር ጽፈው፣ ንብረቱ ሲቆጠር የተፈራረሙበትን ቅጽ ግልባጭ አያይዘው ያቅርቡ። ግልባጩን ካልሰጡዎት ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ትእዛዙን ሲቀበሉ በመረከቢያ መዝገቡ ላይ ከፊርማዎ አጠገብ የሰፈረው ቀን ስንት እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።